ስለ ካፒቴን ቫልዶኒ ውሻ አያያዝ

ለክቡር ካፒቴን ቫልዶኒ
የሸዋ ሮቢትና የቀወት ገዥ
ባሉበት

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? ወባውስ ቀለል አለልዎ? እኔ አገልጋይዎ ሽፈራው ዘውዴ፣ በክቡርነትዎ ቸርነት ከቤቴና ከእርሻዬ ተነቅዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ውሻዎን ኔሮን እንዳርምልዎ ጠርተውኝ ከአንድ ወር በላይ ካገለገልኩ በኋላ ያለ ስንብት በመሄዴ ኅሊናዬ ስለ ወቀሰኝ፣ የሥራዬን ዘገባ በጽሑፍ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ሌላ ውሻ ማስመጣትዎ ስለማይቀርም ለወደፊቱ የሚረዳዎትን ምክር ጨምሬበታለሁ። ደብዳቤውን በገበያው ዋርካ ላይ ማስለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ አዋጅዎን ሁሉ እዚያ እየለጠፉ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

አንደኛ፣ ስለ ዘር አመራረጥ። ኔሮ ከካሚዮን በወረደ ዕለት ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ካሚዮኑ ሥር ገብቶ መተኛት ነበር። ጠጉሩ እንደ በግ ለምድ የወፈረ፣ በረዶ ባለበት አገር የተወለደ ውሻ ነውና አልፈረድኩበትም። ለቆላ የሚሆን ውሻ ጠጉረ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ ውሃውንና አየሩን የለመደ መሆን አለበት። አንድ ፍጥረት ግዙፍ ስለሆነ፣ ድምፁ ስለሚያስፈራና ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ብቻ ለይፋት ቆላ ይመቻል ማለት አይደለም። ሙቀቱን የማይችል፣ ሰዉን የማያውቅ፣ በፍርሃትም ቀድሞ የሚናከስ ከሆነ ወደ መጣበት ቢመለስ ለራሱም ለእኛም ይበጃል። ይህን የምለው ስለ ውሻው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎረቤት ውሾች። በመስከረም ወር «የአገሬው ውሾች በጩኸታቸው የኔሮን ጠባይ አበላሹ» ብለው እንዲገደሉ አዘዙ። አንዳንድ ክፉ ሰዎች ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ወታደሮችዎ አስካሪዎቹ ቤት ሊበረብሩ ሲመጡ ውሾቹ ቀድመው ስለሚጮኹ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በክቡርነትዎ ላይ እንዲህ ያለ ሐሜት አልቀበልም። በአንድ ቀን ሠላሳ ሰባት ውሾች ተገደሉ። መቻል የሚባለው የእኔ ውሻ አስካሪዎቹን በጅራቱ ተቀብሎ ነው የሞተው፤ አመሉ እንዲያ ነበር፣ እንግዳ ይወድ ነበር።

የጎረቤቴ የጀይላን ውሻ ግን ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅለት ነበር። ውሻው በሞተ በሳምንቱ ዝንጀሮው ከገደሉ እየተንጋጋ ወረደ። ጀይላንና ባለቤቱ ራቢዓ ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍ ይዘው ቆሙ። መቆም ሲያቅታቸው ጀይላን ወደ ቢሮዎ መጥቶ «ጌታዬ፣ ወላሂ፣ አዋጅዎን ከኛ ቀድሞ የሰማው ዝንጀሮው ነው» አለዎት። እርስዎም ስለ ድካሙ አዝነው ሦስት ቀን በወህኒ አሳረፉት። በሦስቱ ቀን ዝንጀሮው ማሽላውን ጨረሰ። ባልና ሚስቱ ዛሬ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ዘመድ ስለ ሄዱ ለምስጋና ቢፈልጓቸው አያገኟቸውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅጣት። ውሻው ጠባቂውን ነክሶ እኔ በተጠራሁ ዕለት፣ ከክንድ ባጠረ ሰንሰለት ከብረት ምሰሶ ጋር ታስሮ ፀሐይ ላይ አገኘሁት። የውሃ ጣሳው ተገልብጧል። እርስዎ ፈትተው «ኔሮ!» ብለው ጠሩት፤ መጣ። ጠዋት ጫማዎን ስላኘከ በአለንጋ ገረፉት። ክቡርነትዎ፣ ውሻ የጠዋት ጥፋቱን ቀትር ላይ አያስታውስም። የሚገባው ነገር ቢኖር ሲጠሩት መምጣት እንደሚያስገርፍ ነው። ስሙም በእርስዎ አፍ ሲጠራ የዱላ ስም ይሆንበታል። እኛም በዝርዝር ስማችን ሲጠራ ለምን ወደ ገደሉ እንደምንሮጥ ለሚገርማቸው መኮንኖችዎ ይህን ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል።

እኔ ያደረግሁት ጥቂት ነው። ጥላ ሥር በረጅም ገመድ አሰርኩት፣ ውሃውን ጠዋትና ማታ ቀየርኩ፣ ምግቡን ሌላ ሰው እንዳይሰጠው አደረግሁ፣ ስሙን ሥጋ ስሰጠው ብቻ ጠራሁ፣ በማለዳ ሮቢ ወንዝ ወስጄ አዋኘሁት። በሃያ ቀን ሲጠሩት የሚመጣ፣ ቁጭ ሲሉት የሚቀመጥ ውሻ ሆነ። ተደስተው ሲጋራ ሰጡኝ። አላጨስም፤ ግን ተቀበልኩ።

አራተኛ፣ ይህን ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅር ይበሉኝ። ውሻው በታረመ ማግስት አንድ ያደፈ እጀ ጠባብ ጣሉልኝና በአስተርጓሚዎ አፍ «ይህ የሽፍታው የታደሰ ነው። ውሻው በዐሥር ቀን ውስጥ በዚህ ሽታ ባለቤቱን ማግኘት ይማር። ካልተማረ የምናስረው አንተን ነው» አሉኝ። ታደሰ የእትዬ ንግሥት አንድ ልጅ ነው። ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስላልጠየቁኝ አልነገርኩዎትም።

እንደ ታዘዝኩት በየቀኑ እጀ ጠባቡን አፍንጫው ሥር እይዝለት ነበር። ውሻ አሽትቶ ሮጦ ሲደርስ ሥጋ ካላገኘ አይማርም፤ በሰፈርዎ ደግሞ ሥጋ ያለው ወጥ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ኔሮ ያንን እጀ ጠባብ ባሸተተ ቁጥር ወደ ወጥ ቤትዎ መብረርን ተማረ። ከመኮንኖችዎ አንድም ምን እያስተማርክ ነው ያለኝ የለም፤ ሲሮጥ እያዩ ያጨበጭቡ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን በበቅሎ ተቀምጠው፣ ሠላሳ አስካሪ አስከትለው፣ ፍለጋውን ከእትዬ ንግሥት ደጃፍ ለመጀመር ቀወት ድረስ ወጡ። እትዬ ንግሥት ውሃ ሊያቀብሉኝ ጠጋ ብለው፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ «አበልጄ፣ ልጁ ከጓሮ ማሽላዬ ውስጥ ነው። ሊወስደኝ መጥቶ» አሉኝ። ማሽላው ከቆምንበት ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

እጀ ጠባቡን በራስዎ እጅ ለውሻው አስጠጉለት። ኔሮ አሸተተና ቆመ፤ አፍንጫውን ወደ ማሽላው አዞረ። ነፋሱ ከዚያ በኩል ይመጣ ነበር፤ ሽታውን ማግኘቱን ከጆሮው አቋቋም አወቅሁ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቼ አላውቅም። እትዬ ንግሥት ዐይናቸውን ጨፈኑ። ውሻው አንድ እግሩን ወደ ማሽላው አነሣ። ምን እንዳሰበ እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ዞር አለና በሸዋ ሮቢት መንገድ ፈተለከ።

በቀትር ፀሐይ፣ እርስዎ በበቅሎ፣ አስካሪዎቹ በእግራቸው፣ «ሽታውን ይዞታል! ይዞታል!» እየተባለ ሁለት ሰዓት ሮጥን። ኔሮ ሰፈሩ ገብቶ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ አለ። ሠላሳ ጠብመንጃ፣ ሥጋ ሲከትፍ በነበረው አብሳይዎ ላይ ተደገነ። ምስኪኑም ሁለት እጁን ከነቢላዋው ወደ ላይ አነሣ። አንድ አስካሪ ሳቀ፤ ሳቁን ልዋጥ ሲል ሳል ያዘው። እናትና ልጅ በዚያ ሰዓት ዳገቱን አጋምሰው ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ አወጣጤ። ውሻው እንዲገደል፣ እኔም እንድታሰር አዘዙ። ነገር ግን ሰዉ ሁሉ በውሃ ጥም ተበትኗል፤ ወደ ውሻው ለመጠጋት የደፈረም ጠፋ። «እኔ ወስጄ ላስረው» አልኩ። አጠገብዎ የነበረው መኮንን፣ ውሻውን አስሬ የምመለስ መስሎት፣ በእጁ ሂድ አለኝ። ገመዱን ይዤ በዋናው በር ወጣሁ። ዘቡ ጀርባው ከግንቡ እስኪላተም ድረስ መንገድ ለቀቀልን። እባክዎን አይቅጡት፤ ውሻውን ሲያስመጡ የፈለጉት ሰው እንዲፈራው ነበርና፣ እርሱ ትእዛዝዎን ፈጽሟል።

ለሰጡኝ እምነት፣ ለሲጋራው፣ እንዲሁም በስድሳ ዓመቴ ዳገት መውጣት እንደምችል እንዳውቅ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ፈጣሪ ወደ አገርዎ የሚመልስዎትን መንገድ ቀና ያድርግልዎ፣ መርከቡንም አያዘግይብዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ የውሻዎ አሠልጣኝ
ሽፈራው ዘውዴ
አድራሻ፦ ለጊዜው ዛፍ ሥር

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ እኔንና እነ ታደሰን ፍለጋ የላኳቸው ሃያ ሁለት ሰዎች ገና ከታች ወንዙን ሲሻገሩ፣ ከሁሉ ቀድሞ የጮኸው ኔሮ ነው። ሰዎችዎ ዳገቱን ወጥተው ሲደርሱ ነቅተን ቆየናቸው፤ ፈጥነው ለመውረድ ሲሉም ሸክማቸውን አቅልለዋል። ሃያ ሁለቱም ጠብመንጃዎች ተወልውለው፣ ዘይት ተቀብተው በደህና ይገኛሉ። ለመረከብ ሰው ባይልኩ፣ ራስዎ ቢመጡ እንመርጣለን።