ለአውቶሞቢልዎ መንገድ ስላልለቀቀው ቃሬዛ

ለክቡር ቀኛዝማች ባጫ ሰንበታ፣ የአዳማ ሹም፤

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤና፣ ውሻዎም በሙሉ ደስታ እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ እኔ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በልብስ ስፌት የምተዳደረው ሽኩር ደሊል ይህን ስጽፍ የፈራሁ እንዳይመስልዎ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቴ ጆቴ ከቁርስዎ ላይ ስላስነሣዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሚስቱ ዘርፉ ምጥ ጠንቶባት፣ አዋላጇም "ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሐኪም ፈልጉ" ብላው፣ ባቡሩም አልፎ ስለ ነበር እንጂ፣ በአውቶሞቢልዎ ሐኪም እስካለበት እስከ ሞጆ ያድርሱልኝ ብሎ ባልተዳፈረ ነበር። እርስዎም በረንዳው ላይ ቆመው "ወንበሩ አዲስ ቆዳ ነው፣ በደም ይበላሽብኛል" ብለው እውነቱን ስለ ነገሩት እናመሰግናለን። ሌላ ባለጸጋ ቢሆን ቤንዚን የለም ብሎ በዋሸው ነበር።

ሁለተኛ፤ ዘርፉን በቃሬዛ ተሸክመን የሞጆን መንገድ እንደ ጀመርን ጥሩምባዎ ከኋላችን ተሰማ። እኔ ከፊት ተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። መንገዱ እዚያ ላይ ጠባብ፣ ግራ ቀኙም ቦይ ስለ ሆነ ቶሎ መልቀቅ አልቻልንም። ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር ዘርፉ እየደነገጠች ስታቃስት፣ እርስዎ አንገትዎን አውጥተው "ዞር በሉ እንጂ! ቢሾፍቱ ሳይመሽ መድረስ አለብኝ" አሉን። ጆቴ ዘወር ቢል፣ ከጅቡቲ ያስመጡት ውሻ በዚያ በአዲሱ ቆዳ ላይ ተጋድሟል። ለካስ ሐይቅ ወስደው ሊያሳጥቡት ኖሯል!

"ጌታዬ፣ ውሻው ይውረድና ሚስቴ ትግባ!" ብሎ ጮኸ።

እርስዎ መስተዋቱን ዘጉ። እኛም ወደ ቦዩ ወርደን አሳለፍንዎ፤ አቧራዎንም ጠጣን።

ሦስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልቻልሁም። ሐኪሙ ዘርፉን አትርፏታል። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። መገነዣውን ከነጠላዬ ላይ የቀደድሁት እኔ ነኝ፤ ከዕለቱ ጀምሮ መቀስ አልያዝሁም።

ጆቴ ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ዘበኞችዎ "በሹም ላይ ጮኸሃል" ብለው ከደጁ ይዘው አሰሩት። ዛሬም እግር ብረት ላይ ነው። ዘርፉ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ የሚጠባላት ልጅ አጥታ፣ የሚያጽናናት ባልም ታስሮባት ብቻዋን ተኝታለች። ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱ ጩኸት ከሆነ እኔም እነሆ እየጮህሁ ነው። ይህ ጽሑፍ ዛሬ በገበያው መካከል ይነበባል። ወይ ጆቴን ይፍቱት፣ ወይ እኔንም አብረው ይሰሩኝ፤ ቤቴን ዘበኞችዎ ያውቁታል።

አውቶሞቢልዎ በሚያልፍበት ሁሉ ወደ ቦይ መውረድ ግዴታው የሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የማይወርድ፣ አክባሪዎ

ሽኩር ደሊል
አዳማ፣ ጥር ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፤ ለእሑዱ የልጅዎ ሠርግ ዳስ እንድንጥል፣ እንጨት እንድንፈልጥ፣ ሴቶቻችንም ጠላ እንዲጠምቁ ስላዘዙን ክብር ተሰምቶናል። ጆቴ ካልተፈታ ግን ከመንደሩ አንድም ሰው እንደማይመጣ ሴቶቹ ትናንት ተማምለዋል። የተጠሩት መኳንንት ብዙ ናቸው አሉ፤ ውኃውን ሲቀዱ፣ በጉን ሲያርዱ፣ ድስቱን ሲያጥቡ ፈጣሪ ለክቡርነትዎ ጉልበቱን ይስጥዎ።