የአቬኮፔ ሰፈር የእንጨት ድልድይ ይፍረስ ስለመባሉ

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤታችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት ከልብ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም ለወጉ ያህል ብቻ ሳይሆን፣ ጤና ጣቢያ መድረስ እንደ ድሮው ቀላል ካልሆነበት ሰፈር ስለምጽፍልዎ ጭምር ነው።

ዴላሊ አሜኑቮር እባላለሁ። በወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የአቬኮፔ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ሰው አቤቱታ ስተይብ ስለኖርኩ፣ አንዲት የራሴን ባቀርብ ክቡርነትዎ ቅር እንደማይሰኙ እተማመናለሁ። ምስጋና ግን ይቀድማልና በተራ ቁጥር ላመስግንዎ።

፩. ካቻምና በጋ በሰፈራችንና በዋናው መንገድ መካከል ስላስቆፈሩልን የጎርፍ መውረጃ ቦይ እናመሰግናለን። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ነው፤ የኮንክሪት ግድግዳው ደግሞ እጅ እንኳ የማይዝበት ልሙጥ ነው። በባሕሩ ዳር የተሠራውን አዲሱን ሆቴል ከእንግዲህ ጎርፍ አይደፍረውም። ከቦዩ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ከደጃፌ ሦስት መቶ እርምጃ ነበር። ዛሬም በሬ ላይ ቆሜ የነርሶቹ ልብስ ተሰጥቶ ይታየኛል፤ ለመድረስ ግን በአሮጌው የሐይቅ ድልድይ በኩል ዞሬ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ እሄዳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰውነቴን እንዳፍታታ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ነዋሪው በቦዩ ጉዳይ እንዲመክር የጠሩት ስብሰባም አይረሳንም። የተደረገው በገበያ ቀን፣ የሰፈሩ ሰው ዓሣውንና ካሳቫውን ተሸክሞ በወጣበት ጠዋት፣ በዚያው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ቃለ ጉባኤውን በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። ነዋሪዎች በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል ይላል፤ የእኔም ስም ከደጋፊዎቹ መካከል ሁለት ቦታ ሰፍሯል፤ ሁለቱም ፊርማዎች ከእኔ ፊርማ እጅግ ያማሩ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊርማ ሳመሳክር የኖርኩ ነኝና፣ የፈረመልኝን ባለሙያ ባገኘው እንዲያስተምረኝ እለምነው ነበር።

፫. የእግረኛ መሻገሪያ እንዲሠራልን ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን በትሕትና ገለጹልኝ። ጥናቱም ፍሬ አፍርቶ መሻገሪያው ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ተመረቀ። መብራት አለው፣ የብረት መደገፊያ አለው፣ ግራና ቀኙን አበባ ተተክሎበታል፤ የሚገኘውም በሆቴሉ አጥር ውስጥ ነው፣ እንግዶቹ ወደ ባሕሩ አሸዋ እንዲሻገሩበት። ሪባኑ ሲቆረጥ እዚያው ቆሜ ነበርና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎን ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ የእኛስ?» አልኩት።

«እማማ፣ ይሄም እኮ የእናንተው ነው፤ የከተማው ሀብት ነው» አለኝ።

«ታዲያ ልሻገርበት?»

ወደ ጥበቃው ዞር ብሎ አየና «ዛሬ እንኳ አይመችም» አለኝ።

፬. ይህኛው ምስጋና አይደለም። ምን ብዬ እንደምጠራው ግን ስላላወቅሁ ቁጥሩን ሰጥቼዋለሁ።

ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖር ሴፋኮር የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። ባሏ ለዓሣ ሥራ ወደ ኮትዲቯር ዳርቻ ከሄደ ወራት ሆኖት ነበር። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሁለት ቀን ሳያባራ በዘነበበት ሐሙስ ጠዋት፣ የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ያዛት። ታክሲ ጠርተን አሳፈርናት፤ ታክሲው አሮጌው ድልድይ ሳይደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ደግፈን መለስናት። ቦዩ ውስጥ ውኃው እስከ ግድግዳው አጋማሽ ደርሶ ይጋልባል፤ ከማዶ ጤና ጣቢያው በሩን ከፍቶ ቆሟል።

ጀልባ ሠሪው ጎረቤታችን ኤሊኬም ግቢው ውስጥ ሊጨርሳት የደረሰች ጀልባ ነበረችው። ስምንት ወንዶች ተሸክመው አመጧትና በገመድ ወደ ቦዩ አወረዷት፤ የእኔን ፍራሽ አነጠፍንባትና ሴፋኮርን አውርደን አስተኛናት፤ ኤሊኬምም አብሯት ገባ።

«ኤሊኬም፣ ቀለሙ አልደረቀም እኮ፤ ቀሚሴን አበላሸህብኝ» አለችው።

«ሁለት ቀሚስ እገዛልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ተንፍሺ።»

«ለሕፃኑም ጨምርበት!» ብላ በምጧ መካከል ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ይህን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

አዋላጇ ሲስተር ዜናቡ ማዶ ዳር ላይ ቆማ «አትግፊ! ሴፋኮር፣ ገና ነው፣ አትግፊ!» እያለች ትጮሃለች። መሻገሩ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በዚያ ልሙጥ ግድግዳ እሷን ማውጣቱ ግን አርባ ደቂቃ ፈጀ። ገመዱ ሁለቴ ከዳን። ሲስተር ዜናቡ ጭቃው ላይ በሆዷ ተኝታ እጇን ወደ ታች ዘረጋች፤ የሁለቱ ሴቶች ጣቶች ሊነካኩ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቷቸው ለረጅም ጊዜ ሲፈላለጉ አየሁ።

ሕፃኗ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተወለደች። አላለቀሰችም። ሲስተር ዜናቡ ብዙ ደከመች፤ በመጨረሻ፣ እኔ በአሮጌው ድልድይ ዞሬ ስደርስ፣ ወጥታ እጇን እየታጠበች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «እማማ ዴላሊ፣ ደህና ልጅ ነበረች። ቆየችብን እንጂ ደህና ልጅ ነበረች» አለችኝ። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኗን በማግስቱ ቀበርናት።

፭. ከቀብር ስንመለስ ኤሊኬም መጋዙን አንሥቶ ጀልባዋን ይሰነጥቃት ጀመር። አብዷል ብዬ ሮጥኩ።

«ማን ዓሣ ያጠምድባታል እማማ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ከእንግዲህ ጀልባ አይደለችም።»

ሌላው የቤቱን ወራጅ አመጣ፣ ሌላው በሩን ነቀለ፤ ጸሎት ቤቱ ሁለት አግዳሚ ወንበር ሰጠ። በዘጠነኛው ቀን በቦዩ ላይ የዘረጋነው ድልድይ አለቀ። ያን ሰሞን ሴፋኮር ጡቷ በወተት ተወጥሮ ትኩሳት ጣላትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ሆነባት። እጇን ይዤ ስንሻገር መሐል ላይ ቆመች።

«እንመለስ ልጄ?»

«አይ፤ እየቆጠርኩ ነው» አለችኝ። ከዚያም ማዶ እንደደረስን «አሥራ አራት እርምጃ ነው» አለች።

፮. አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልመለስ። ለሦስት ደብዳቤ አሥራ አንድ ወር የፈጀበት ጽሕፈት ቤትዎ፣ ድልድዩ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ስለጻፈልን ትጋቱን አደንቃለሁ። ያለ ፈቃድ የተሠራና ለሕዝብ ደኅንነት የሚያሰጋ ግንባታ ስለሆነ በሰባት ቀን ውስጥ እንድናፈርሰው፣ አለዚያ እናንተ እንደምታፈርሱት ይገልጻል። ማስታወቂያውን የለጠፈው ሠራተኛዎ የሙጫ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲመጣ «በየት ተሻገርክ ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እማማ፣ እኔ ለጣፊ ብቻ ነኝ» አለኝ። ሲመለስ ግን መሐል ላይ ጎንበስ ብሎ በእጁ ነካካና ኤሊኬምን ጠርቶ «ይቺ ጣውላ ላልታለች፤ ምስማር ጨምርባት» አለው። ክቡርነትዎ፣ ይህን ሰው እንዳይቀጡብኝ። ከማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ ስለ ደኅንነታችን የተናገረ የመጀመሪያው ባለሙያ እሱ ነው።

ስለዚህ የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ሁሉም ሰው ቤቱ በዋለበት እሑድ ተሰብስበን፣ ድልድዩን እንደማናፈርስ ወስነናል። የመቶ ስድሳ ሁለት ሰዎች ፊርማ አያይዤአለሁ፤ ብዙዎቹ አያምሩም፣ ግን የባለቤቶቹ ናቸው። ከሰኞ ጀምሮ ሴቶቹ በየተራ ድልድዩ ላይ እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው፤ ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ወንበር ይዤ እመጣለሁ። የኮንክሪት መሻገሪያ የሠራችሁልን ዕለት ይህንን በገዛ እጃችን እናነሣዋለን።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለዘመናት በሥልጣንዎ እንዲቆዩ ሳይሆን ለአንድ ቀን በሰፈራችን እንዲውሉ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ዴላሊ አሜኑቮር
የአቬኮፔ ነዋሪ፣ በዚህ ደብዳቤ ላይ በገዛ እጇ የፈረመች

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ባወጣችሁት የፕሮጀክቱ ማጠቃለያ ሪፖርት ላይ፣ በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት በሚለው አንጻር «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ምናልባት ሕፃኗ ስም ስላልነበራት ለመመዝገብ አስቸግሯችሁ ይሆናል ብዬ እናቷን ጠይቄአለሁ። ኤሴናም ትባላለች። ክቡርነትዎ ከሌላ አካባቢ ተሹመው ስለመጡ የኤዌ ቋንቋችንን ገና እየለመዱ ይሆናልና ልተርጉምልዎ፤ «ሰማኝ» ማለት ነው። እርስዎን ማለቷ እንዳልሆነ ግን ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።