ወንዛዬ የሚያስኬድ ጤና

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1977

ጠዋት አሥራ አንድ ሰው አየሁ። ስምንቱ ራስ ምታት። የስምንቱም ራስ ምታት የተነሳው የውይይት ክበቡ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ተአምረኛ በሽታ! ለሁሉም እረፍት ጻፍኩላቸው... እኔስ ሰው አይደለሁ?

ከሰዓት ጓድ ቢያዝን መጣ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የቅስቀሳ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ መድረክ ላይ የወጣ ይመስለዋል። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሐሙሲት ከተማ ገብቷል።"

"ምኑ?"

"እሱ ነዋ... የሆዱ።"

"ኮሌራ?"

"ጓዲት ፀሐይወርቅ! ስሙ እንዳይነሳ ተብሏል። ሕዝቡ ይደናገጣል።"

ስሙን ያልነገሩትን በሽታ ሰው ምን ብሎ ይጠንቀቀው? እንግዲህ ፋብሪካው ያለው አንድ ጤና ረዳት ነው፤ እሷም እኔ ነኝ። "እሱን" የምመክተው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ስብሰባ ስለ ንጽህና። ቢያዝን ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሁለት ሰዓት፣ እኔ ስለ እጅ መታጠብ አሥር ደቂቃ። ከፊት ያሉት ተኙ፣ ከኋላ ያሉት ሹራብ ሠሩ። መጨረሻ ላይ ሸዋዬ እጇን አወጣች። ፈትል ክፍል ነው የምትሠራው፤ ጎረቤቴ ናት፣ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው።

"እጃችሁን ታጠቡ አላችሁን፣ ደግ። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ከጥቅምት ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም። በምን እንታጠብ?"

ጭብጨባ። ቢያዝን ጥያቄው ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል አለ። የሚመለከተው ክፍል የት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያየ የለም።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ሁለታችን ቀረን። "ሠራተኛው ለምን አይሰማም?" አለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ነገር አማረኝ። "ሽልማት የለውማ! እንደ ምርቱ ውድድር አድርጉበትና እዩ" አልኩት። ማሾፌ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን አወጣ...

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

ተለጠፈ! "ሶሻሊስታዊ የጤና ውድድር።" እስከ ሰኔ 10 አንድም በሽተኛ ያልተመዘገበበት ክፍል በሙሉ በፋብሪካው አውቶቡስ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወሰዳል። ሁለት ቀን፣ ከነምግቡ። ፈትል ክፍል በእልልታ ቀለጠ። ዓመታት ቆሞ የሠራ ወገብ ፍል ውሃ ሲባል እልል ባይል ነው የሚገርመው።

የሐሳቡ ባለቤት አልተጠቀሰም። ቢያዝን የራሱ አስመስሎታል። ይውሰደው፣ ምን ቸገረኝ?

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ዛሬም ማንም አልመጣም። ራስ ምታቱ ሁሉ ድኗል። ጉንፋን የለ፣ ቁርጠት የለ። ቢያዝን ለአውራጃው "ዜሮ" ብሎ ላከ። ክሊኒኩን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ... ይኸው ስድስት መቶ ሰው አንድ ኪኒን ሳልሰጥ አዳንኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

የፈትል ክፍሉ ፎርማን ጓድ ክንዱ ሥራውን ትቶ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሟል።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ይጠየቃል። አንዱ ሆዱን መቻል አቅቶት ስልሳ ሰው ከወንዛዬ ይቅር?"

ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ግን ሳቁ ጠፋ። ሦስት ጊዜ የሚመላለስ አለ ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ዓሣ ሻጯ ሀጂራ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችኝ። ቤቷ ከፋብሪካው ጀርባ ሐይቁ ዳር ነው፤ ባሏ ቃሲም ጀልባ ሠሪ ነው። "እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሰዎችሽን ውሰጂልኝ። ጨውና ስኳር እየበጠበጥሁ ባጠጣ ባጠጣ አልቻልሁም።"

"የምን ሰዎች?"

የቃሲም ዳስ ውስጥ፣ በግማሽ በተሠራ ጀልባ ጥግ፣ ስድስት ሰው ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ሁሉም የፈትል ክፍል። ክንዱ የዓመት ፈቃድ ፈርሞላቸው እዚህ ተደብቀዋል። ሀጂራ በየራስጌያቸው ጣሳ አስቀምጣ እየቀሰቀሰች ታጠጣለች። ከማን ተማርሽው ስላት፣ "አንቺ በር ላይ ከለጠፍሽው ሥዕል" አለችኝ። ፋብሪካው ውስጥ ቀና ብሎ ያየው የለም... ዓሣ ሻጯ ግን አይታዋለች።

ጥጉ ላይ ሸዋዬ። ዘመድ ጥየቃ ሄድሁ ብላኝ ነበር። ዓይኗ ጎድጉዷል። የእጇን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው አልመለስ አለ።

"አትመዝግቢኝ" አለች። ድምፅ የላትም። "የክፍሌን ልጆች፣ እነ የብርጓልን፣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እኔ ታመምሁና ወንዛዬ ቀረባቸው ሊባል?"

ጉሉኮስ ካላገኘች ቀኑንም አትውልም። ጉሉኮሱ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ያለ ክሊኒኩ ወረቀት አይቀበልም። ወረቀት ማለት ደግሞ መዝገብ።

ለመኪና ቢያዝን ጋ ሮጥኩ። "ዜሮ ልከናል እኮ!" አለ። ስለ ስድስቱ ሰዎች አይደለም የደነገጠው፤ ለዜሮው ነው። "በቃ፣ ከደረጃ ወድቀው ነው በይ።"

"ስድስቱም?"

"ሐሳቡ የማን እንደነበር አትርሺ። ሲመረመር አብረን ነን።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አሳፋሪውን ልጻፈው... ብዕሩን እንደያዝኩ ለአፍታ አሰብኩበት። ከደረጃ የወደቀ ሰው ጄሶ ነው የሚደረግለት። ሸዋዬ በጄሶ ትሙት?

ጻፍኩት። ኮሌራ። ስድስቱንም፣ በየስማቸው። መኪና አልተሰጠኝም። ቃሲም ቀለሙ ያልደረቀ ጀልባ ገፍቶ ውሃ ውስጥ አስገባና በሐይቁ ዳር ዳሩን ሆስፒታል አደረስናቸው። ቀሚሴ ሰማያዊ ሆኗል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 27

ተረፈች! ሁሉም ተርፈዋል። ስደርስ ሸዋዬ ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

"ይህን ውድድር ያመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር የእጁን ይስጠው" አለች።

የጉሉኮሱን ጠብታ አስተካከልኩ። በደንብ ይወርድ ነበር። ዝም ብዬ አስተካከልኩት።

ፈሪ ነኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 30

ፈትል ክፍል ከውድድሩ ወጣ። "ወንዛዬን የበላች" ብለው አወጡልኝ። ሰላም የሚለኝ የለም። በሽተኛም አሁንም የለም፣ ሌሎቹ ክፍሎች ገና ይወዳደራሉና። ከማቅለሚያ ክፍል ሁለት ሰው ትናንት "ዘመድ ጥየቃ" ሄዷል። የማን ዳስ ውስጥ ይሆኑ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደግሞ ለሚደብቅ ሽልማት አቆምኩለት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ምሳ ሰዓት። ምግብ ቤቱ ሙሉ ነው። ቢያዝን መድረኩ ላይ ወንዛዬ ለሚሄዱት የሽኝት መፈክር ያስጠናል። ሸዋዬ ዛሬ ሥራ ጀመረች፤ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከክፍሏ አንድ ሰው አጠገቧ የለም። እንደ ሌባ! ያን ሳይ አልቻልኩም። ወጥቼ ድምፅ ማጉያውን ተቀበልኩት።

"ውድድሩ የእኔ ሐሳብ ነው። በቀልድ ተናገርኩት፣ ሲለጠፍ ግን ዝም አልኩ። ወንዛዬን ሸዋዬ አላሳጣቻችሁም። ስድስት ሰው ዳስ ውስጥ ያስተኛሁ እኔ ነኝ። በሽታው ኮሌራ ይባላል። የታመመ ዛሬውኑ ይምጣ።"

ቢያዝን ማጉያውን ከእጄ ነጠቀኝ። ሸዋዬን አየኋት፤ እሷ ግን ሳህኗን ነው የምታየው።

ክንዱ ተነሳ። ሊሰድበኝ መሰለኝ።

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ" አለ። "የሚጠይቀኝ ሰው አጣሁ።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሊስቅ ሞከረ፣ ሆዱን ይዞ ሮጠ። ተከተልኩት። ክሊኒኩ በር ላይ ዞር ስል ሌሎች ሦስት ሰዎች ከኋላችን አሉ።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ውድድሩ አበቃ። ያሸነፈ ክፍል የለም። አውቶቡሱ ግን ሄዷል... ቢያዝን ኮሚቴውን ይዞ ለ"ግምገማ" ወንዛዬ ወርዷል። ሁለት ቀን፣ ከነምግቡ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ "በሽታን ያለ መመሪያ በስሙ በመጥራት"። አስቀምጠዋለሁ፣ ጥሩ ወረቀት ነው።

ዛሬ ብቻ አሥራ ሰባት ሰው። ዘጠኙ እውነተኛ በሽተኛ፣ የቀሩት የፈሩ። ይምጡ፣ መፍራትም ደግ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸዋዬ ገባች። ከሐሙስ ወዲህ አላናገረችኝም፤ ግቢ ውስጥ ስታየኝ በሯን ትዘጋለች። በቅርብ የተቀጠረች አንዲት ሠራተኛ ክንዷን ይዛ ደግፋ አምጥታለች።

"ስም?" አልኩ። ሴትዮዋ ፈራች፣ ሸዋዬን አየቻት።

"ሰገነት" አለች ሸዋዬ። "ፈትል ክፍል። የጀመራት ዛሬ ጠዋት ነው። ጻፊው።"

ጻፍኩ። ሰገነትን አስተኝቼ፣ የመጀመሪያውን ጣሳ አጠጥቼ ስዞር ሸዋዬ ወጥታለች። ደህና ዋይ አላለችኝም። ይገባኛል።