በተሰረቀው አግዳሚ ላይ ለተቀመጡት መምህር

ለተከበሩ መምህር ዘርአይ፣
የኮሌጁ የሥነ ምግባር መድረክ ሰብሳቢ፣ ካዛንቺስ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የመድረክዎ አባላትም እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ።

እኔ ከኮሌጁ አጥር ጀርባ የምኖር፣ የእድራችንን ዕቃ ቤት ቁልፍ የምይዝ ሴት ነኝ። ኮሌጁ ለምረቃ በዓል የተዋሳቸው አግዳሚዎች የእኛ ናቸው። የኮሌጁ ዘበኛ ጋሽ ቡዜ ያረፉ ዕለት ማለዳ፣ ለቀስተኛው መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ባየሁ ጊዜ፣ ወደ መስቀል አደባባይ ለልምምድ የሚወጡትን ሁለቱን የኮሌጁን ሯጮች፣ ፍሬአብንና ሙሐሲንን፣ አስቁሜ አግዳሚዎቹን ከግቢው አውጥተው እንዲያደርሱልን ለመንኳቸው። ልምምዳቸውን ትተው ተሸከሙ። መድረክዎ በመስኮት አይቶ ሌቦች አላቸው። በር ላይ ቆመው ሊመሰክሩላቸው የሚችሉት ዘበኛ ደግሞ ሟቹ ራሳቸው ነበሩ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ልጆቹ በሩጫ የታወቁ ቢሆኑም እርስዎ ቀድመዋቸዋል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ስማቸው «ሌቦች» በሚል ወረቀት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ ከመኝታ ክፍላቸው ተባረሩ፣ የብሔራዊ ቡድን መምረጫው ውድድርም አለፋቸው።

ሁለተኛ፣ ስላጽናኑን። በማግስቱ ከመድረክዎ አባላት ጋር ለቅሶ ደርሰው፣ ተሰረቀ ባሉት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ቀመሱ። እርስዎም አባል የሆኑበት የእድራችን ስም ከጉልበትዎ አጠገብ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። መቼም ሐዘን ዓይን ይጋርዳል።

ሦስተኛው ይብሳል። የላክኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ኮሌጁ ድረስ መጥቼ ቃሌን ስሰጥ ክሱ ፈረሰ፤ ከሳሾቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። አንዱ ጉዳዩ ለተማሪው ትምህርት ሰጥቶ አልፏል አሉ። ሌላዋ ስፖርተኛ ሁሉ ቢፈተሽ አይከፋም አሉ። እርስዎም በሰው ፊት «ይህን ባይሰርቁ ሌላ ሰርቀው ይሆናል» ብለው አረፉት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልወረደም። ፍሬአብ ኦሎምፒያ ሰፈር አጎቱ ቤት መሬት ላይ ያድራል። ሙሐሲን ደግሞ አሮጊት ዘንቢል ይዛ ስትንገዳገድ ቢያይ እንኳን እጁን ኪሱ ከቶ ያልፋል።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ወረቀቱን ተማሪው በተሰበሰበበት በገዛ እጅዎ ያውርዱልኝ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከእርስዎ መጠበቅ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ሰሚ ባታገኝም የምትመሰክር ጎረቤትዎ፣
ዘሪቱ ምንዳዬ

ማሳሰቢያ፦ ጤናዎን የተመኘሁት ከልቤ ነው። ቀንዎ ሲደርስ እድራችን ለእርስዎም ድንኳን ይተክላል። ከማስታወቂያዎ ወዲህ ግን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አግዳሚ መሸከም ፈርቷል። ለቀስተኛዎ ቆሞ እንዳይውል ዕድሜዎን ያርዝምልን።