ማንም ሳይነካው የተሻለ አንቴና

ግንቦት 27

ዝናብ። ጠዋት ከቦንጋ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ የአምቡላንስ ሬዲዮው ታወር ምርመራ። መጀመሪያ መለኪያውን ራሱን ካሊብሬት ማድረግ፣ ልክ መለካቱን ማረጋገጥ። ክፍቱን መሰኪያ፣ ዝጉን መሰኪያ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፤ ቢሆንም የዘለልኩት የለም። ንባቡ 1.1። ከታኅሣሡ በጣም ይሻላል፤ ወደ አንድ ሲጠጋ ነው ደጉ። "ጥሩ" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ወርጄ ሽሮ በላሁ። ከሰዓት ፀሐይ ወጣች… ትንሽ። ካልሲዬ ግን አልደረቀም።

ሰኔ 4

ትናንት ቢታ ገነት አጠገብ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። ጥሪ ተቀባያችን ኮከብ፣ ከአምቡላንስ ሾፌሮቻችን አንዱን፣ ወንድማገኝን፣ በሬዲዮ ደጋግማ ጠራችው። በሽተኛ ዋጫ ከተማ አድርሶ ባዶውን ሊመለስ ሲል ነበር፤ ከእሱ የሚቀርባት መኪና አልነበረም። አልመለሰም። ስልክ እዚያ መንገድ ላይ አይሠራም፤ ሬዲዮው የተተከለውም ለዚሁ ነው። ሴትዮዋን በጭነት መኪና አመጧት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

አቶ ማዕረግ፣ የአምቡላንስ ማኅበራችን ኃላፊ፣ አስጠራኝ።

"አንቴናው እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"በጽሑፍ?"

"በጽሑፍ።"

ወንበሩን ተደግፎ ተነፈሰ። ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ… አንቴናው ጥሩ ከሆነ ጥፋተኛው ማን ሊሆን ነው?

ሰኔ 6

ወንድማገኝ ቢሮዬ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

"ሄርሜላ፣ ሬዲዮዬ ዝም ብሎ ነበር። አልዘጋሁትም።"

"አንቴናው ጤነኛ ነው ወንድሜ።"

"ማን አለሽ?"

"መለኪያው። ኃይል ወደ ላይ ይልካል። አንቴናው ከታመመ ኃይሉ ተመልሶ ይመጣል። ቁጥሩ አንድ አካባቢ ከሆነ የተመለሰ የለም ማለት ነው።"

"እሺ። እንግዲያው ዘግቶ ተኝቶ ነበር በይና እንገላገል።"

በሩን ሳይዘጋ ሄደ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኔ 16 ይቀመጣል። መባረሩ ብቻ አይደለም… የቢታ ሰዎች ሌላ ሾፌር ይላክልን ብለዋል አሉ። ልጅ ያስገደለ ሰው መኪናው ግቢያችን አይቁም ብለዋል አሉ።

ሁሉም የሚያበቃው በእኔ ወረቀት ነው።

ሰኔ 8

ታኅሣሥ ላይ 1.5 ነበር። አሁን 1.1። በመሀል ማንም አልነካውም።

ብረት በዝናብና በፀሐይ ይሻሻላል እንዴ?

ሰኔ 9

እንደገና ወጣሁ። መለኪያውን እንደገና ካሊብሬት አደረግሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንዲሆን እየተመኘሁ። ምንም። 1.1። ከተማ ውስጥ ካሉት ሬዲዮዎች ጋር ተነጋገርኩ፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። ቅርብ ናቸው ግን። በደካማ ድምፅም ይሰማሉ።

ስወርድ መንገድ ላይ ቆምኩ። ኃይሉን የሚበላው ኬብሉ ራሱ ቢሆንስ? ከታች እስከ አናቱ የሚወጣው ኬብል። ሲሄድም ይበላዋል፣ ሲመለስም ይበላዋል። እኔ ታች ቁጭ ብዬ "ምንም አልተመለሰም" እላለሁ። ደግሞም ውሸት አይደለም… አልተመለሰማ።

የሚታወቀው በአንድ መንገድ ነው። አናቱ ላይ አንቴናውን ከኬብሉ መፍታት። ኬብሉ ጤነኛ ከሆነ፣ መሄጃ ያጣው ኃይል ሁሉ ይመለሳል፣ ቁጥሩ ይዘላል። ካልዘለለ…

ሰኔ 10

አቶ ማዕረግ፣ "ሪፖርትሽ ገብቷል እኮ። ራስሽን ልትከሺ ነው?"

"ላረጋግጥ ነው።"

"በዚህ መብረቅ ሰው ታወር ላይ አላወጣም። የሚወጣው ጋሽ አዲሱ ነው፤ ቢወድቅ ልጆቹን አንቺ ታሳድጊያቸዋለሽ?"

 ስለ መብረቁ እውነቱን ነው። ክፋቱም እሱ ነው።

ሰኔ 13

ሰማዩ ተከፈተ። ጋሽ አዲሱን ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ታወር የሚወጡልን እሳቸው ናቸው፤ የቀረውን ጊዜ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ንብ ያንባሉ። ፈቃድ የለኝም አልኳቸው። ሰማዩን አዩ። "እስከ ምሳ ይታገሠናል" አሉ።

ወጡ። እኔ ከታች፣ የሬዲዮው መሣሪያ ያለበት ጎጆ ውስጥ፣ ከመለኪያው ፊት።

በእጅ ሬዲዮው፣ "ፈታሁት።"

1.1።

"ጋሼ፣ የተፈታ አልመሰለኝም።"

"እጄ ላይ ነው እልሻለሁ። ልጣልልሽ?"

1.1። አንቴና የለም። መለኪያው ግን ሁሉም ሰላም ነው ይላል። የባትሪው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን ነው ኮከብ ኬብል ውስጥ ስትጮህ የኖረችው?

ጋሽ አዲሱ ወርደው ቀበቷቸውን ፈቱ።

"የኬብሉና የአንቴናው መጋጠሚያ ውሃ ጠጥቷል" አሉ። "ባለፈው ክረምት ማሸጊያ ላስቲኩ አልመጣ ሲል በሰም ለጥፌው ነበር። ቀፎ የሚያሽግ ሰም ይኼ ያቅተዋል? አልኩ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም አደነቀኝ። በጋ ላይ ንቦች ሲመላለሱ አየሁ… ደስ አለኝ እኮ። ለካ ሰሙን እየቆረጡ ይወስዱ ነበር።"

ሊሥቁ ጀምረው ተዉት።

"ኮሚቴው ፊት ስሜን ታነሺ ይሆን?"

መለኪያውን ወደ ሣጥኑ ስመልስ ነበር። ያልሰማሁ መሰልኩ። ሰምቻለሁ።

ሰኔ 15

ነገ ነው። አንዱን ላወጣ ሌላውን ልጥል? የጋሽ አዲሱን ስም ብተወው ማን ይጠይቃል… ይጠይቃሉ። ውሃው ከየት ገባ ይላሉ። ራሴን ብቻ ብናገርስ? ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ። የማስበው ሁሉ ልክ እንደዚያ ንባብ ጥሩ ጥሩ ይመስላል።

ሰኔ 16

ወንድማገኝ ጥግ ላይ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። አላየኝም።

"ሪፖርቴ ስሕተት ነው" አልኩ።

"መለኪያው ተበላሽቷል ማለት ነው?" አሉ አንዱ የኮሚቴ አባል።

"አልተበላሸም። የለካሁት ውሃ የሞላውን ኬብል ነው። አንቴና ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥሪው ከጉብታው አልወጣም። ሾፌሩ ሊሰማው አይችልም ነበር።"

አቶ ማዕረግ፣ "ውሃው እንዴት ገባ? ማን ነው ያሸገው?"

"ማሸጊያው ለምን እንዳልተገዛ ቢጠየቅ…"

"ማን ነው ያሸገው አልኩ።"

ከበሩ አጠገብ ጋሽ አዲሱ ተነሡ። "እኔ ነኝ። ተዪ ልጄ፣ አትደብቂኝ። ታወር ላይ ወጥቶ ምን ይደበቃል? ቦንጋ ሙሉ ሲያየኝ ነበር።"

ሰው ሣቀ። አቶ ማዕረግም፣ ሳይወድ። ከዚያ ኮሚቴው ላስቲኩ ለምን እንዳልተገዛ አቶ ማዕረግን ጠየቀ፤ ሣቁ ቆመ።

ወንድማገኝ ነጻ። ለእኔና ለጋሽ አዲሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። አቶ ማዕረግ ማሸጊያ ያዛል።

ኮሪደር ላይ ወንድማገኝ ደረሰብኝ። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር… ለምን አሰብኩ?

"ለኮሚቴው ነገርሽ። ለቢታስ ማን ይነግርልኛል?"

ሰኔ 25

አዲስ ኬብል ተዘረጋ። ማሸጊያው ከጅማ መጣ። ጋሽ አዲሱ አናቱ ላይ ሆነው መጀመሪያ የኬብሉን ጫፍ ክፍቱን ተዉልኝ፤ ቁጥሩ ከመለኪያው ጣሪያ ደረሰ። ከዚያ አንቴናውን አሰሩት። 1.4። ከበፊቱ የባሰ። ጻፍኩት።

ሐምሌ 1

ከወንድማገኝ ጋር ቢታ ገነት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ጭቃው ብቻ አወራን። ገበያው ጋ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ መኪናውን አይተው ጀርባቸውን ሰጡን። ወንድማገኝ መሪውን ጨበጠ።

የልጁ አባት ዘርትሁን ይባላል። ወጣት ነው። ሚስቱ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። ተናገርኩ። ውሃው፣ ኬብሉ፣ "ጥሩ" ብዬ የፈረምኩት። እዚህ የደረሰ ጥሪ አልነበረም፣ ይህ ሰው አልተኛም። ዓረፍተ ነገሮቼ እያጠሩ ሄዱ፤ አማርኛው ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእኔም በኋላ የተማርኩት ቋንቋ ይመስል።

ዘርትሁን መኪናውን አየ።

"አሁንስ ይሰማል?" አለ።

ቁጥሩን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ወንድማገኝ የመኪናውን በር ከፍቶ ማይኩን አቀበለው። "እንካ፣ ይኼን ተጭነህ ተናገር። ቦንጋ ነው።"

ተጫነው። የሚለው ጠፋው… ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል። ብዙ ቆየ። ወንድማገኝ እጁን ነካ አድርጎ "ልቀቀው" አለው።

ለቀቀው።

የኮከብ ድምፅ መጣ፤ አጠገባችን የቆመች ያህል። "ማን ልበል? አልተናገርክም፣ ግን እሰማሃለሁ። ዝናብ ይሰማኛል። ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል።"

ዘርትሁን ማይኩን አልመለሰም። ወደ ቤቱ ዞሮ በካፊኖኖ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ አንድ ነገር አለ። ሚስቱ ወጣች፤ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ለእሷ ሰጣት።