ለጢሱ ውሃ፣ ለእኛ ሲሚንቶ

ለተከበሩ የካርቦን ክምችት ፕሮጀክት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ? ጋዙስ እንዴት ሰነበተ? የጋዙን ጤና መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በመላው የምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር እንደ እሱ የሚጠበቅ ነፍስ ስለማላውቅ ነው። እኔ በዲፕስፕሩት ሰፈር የሕጻናት መዋያ የማስተዳድረው ኤስታ ምትሽዌኒ ነኝ። በቅርቡ ያስቆፈርነው አዲሱ የውሃ ጉድጓድ ሕገ ወጥ በመሆኑ እንደሚደፈን በፊርማዎ የገለጹበት ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። በቀጥታ ከእርስዎ ከራስዎ ቃል ሲደርሰን የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

አንደኛ፣ ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ወጣቱ መሐንዲስዎ ዶክተር ቫን ዚል በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦን፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነገሩን በደንብ አስረዳን። ከኃይል ማመንጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጨምቆ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ማንም የማይጠጣው ጨዋማ ውሃ በድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ተኝቷል፤ ከላዩም ወፍራም ድንጋይ ተከድኖበታል። ከጋዙ ከፊሉ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ከፊሉ ልክ እንደ ለስላሳው ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ጋዝ የጠጣ ውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም፤ ዘመን ሲቆጠርም ጥቂቱ ድንጋይ ይሆናል። ዕድሜውን በማመንጫው ከሰል ሲያራግፍ የኖረውና አሁን በሳል የሚሰቃየው ጎረቤቴ ጆናስ ስኮሳና እጁን አወጣ።

«ልጄ፣ ያንን ጠርሙስ ብከፍተውስ?»

«ይገነፍላል፣ ባባ። የእኛን ግን ማንም አይከፍተውም።»

«እሺ፣ ይኼኛው ታች በሰላም ይተኛ። እኔ ደረት ውስጥ ያለውንስ መቼ ነው የምትቀብሩልኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም፤ አቀርቅሮ ወረቀቱን አስተካከለ። ይህን ልጅ ስለቀጠራችሁልን እናመሰግናለን፤ ማፈር የሚያውቅ ከእናንተ ወገን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ እናመሰግናለን። ጋዙ ሾልኮ እንዳይወጣ በክልላችሁ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን ብላችሁ አዘዛችሁ፤ ጥንት ለከሰል ፍለጋ የተቆፈሩትን ጥልቅ ጉድጓዶች መድፈናችሁ ተገቢ ነበር። ያኔ የነበረን የእጅ ፓምፕ ግን ውሃውን የሚስበው ከቅርብ ነበር፤ ከጋዙ ማደሪያ ጋር ጉርብትና እንኳን አልነበረውም። ይህን የነገረኝ ራሱ ዶክተር ቫን ዚል ነው። «ማማ፣ እናንተን አይመለከታችሁም ብዬ ጽፌላቸው ነበር። ትእዛዙ ቀዳዳ ሁሉ ነው የሚለው» አለኝ። ሲሚንቶው በመጣ ቀን ሴቶቹ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ጆናስ ወንበሩን አምጥቶ ፓምፑ ሥር ተቀመጠ።

«ተነስ እንጂ፣ ባባ፤ ሥራችንን እንሥራበት» አለው ከሲሚንቶው ጋር ከመጡት ጥበቃዎች አንዱ።

«እኔ ጋዝ አይደለሁም፤ በግፊት አታወርዱኝም!»

ከነወንበሩ አንስተው ከአጥሩ ሥር አስቀመጡት። እያሳለው ሲሚንቶው ሲፈስ አየ። እናንተም ብርዱ ሳይገባ የቧንቧ ውሃ እንደምታስገቡ፣ እስከዚያው ቦቴ እንደምትልኩ ቃል ገባችሁ። ቦቴው መጀመሪያ አዘውትሮ መጣ፤ ቀጥሎ ሲመቸው መጣ፤ በኋላ ጭራሽ ቀረ። ቧንቧውስ? ብርዱ ገባ፣ ብርዱ ወጣ።

ሦስተኛ ብዬ የምጽፈውን ለማመስገን ሞክሬ አቅቶኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውሃ ስናጣ ሰዉ ከማመንጫው የአመድ ክምር ሥር ከሚያልፈው ጅረት መቅዳት ጀመረ። እኔ መዋያው ውስጥ አፍልቼ ነበር የማጠጣቸው፤ ነገር ግን ቤቱ ሲገባ የጠማው ልጅ እናቱ እስክታፈላ አይጠብቅም። ተቅማጥ ገባ። የጆናስ የልጅ ልጅ ንኮቢሌ፣ ሌሎቹን በቁመታቸው እያሰለፈች የምታስረክበኝ ልጅ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ በመኪና ውስጥ አረፈች። በዚያው ሰሞን የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው መዋያውን አሸጉት። ምክንያቱ ውሃ የለውም የሚል ነበር።

ለቀብሯ ግን ቦቴ ላካችሁ። ንጹሕ ውሃ፣ እስከ አፉ ሞልቶ። ለቀስተኛው ይጠጣ ወይስ ይተው ብሎ ሁሉም ወደ ጆናስ ዞረ።

«ጠጡ» አለ። «ውሃው ምን አደረገ? የላከው ሰውዬ ግን ይምጣና ዓይኔን ይየኝ።»

አልመጡም። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ ተባብረው ቆፋሪ አመጡልን፤ ውሃም ወጣ። አሁን እርስዎ ሊደፍኑት ያሰቡት ይህንኑ ነው። ክቡርነትዎ ጢስ ለሺህ ዓመት የሚያርፍበትን ውሃ ፈልገው ማግኘትዎን አደንቃለሁ፤ ለሰው ልጅ አንድ የብርድ ወቅት የሚያሻግር ውሃ ግን በዝርዝርዎ ላይ ቀዳዳ ተብሎ ተመዝግቧል። ሲሚንቶውን ይዘው ሲመጡ ጠበቃችንና ፍርድ ቤቱ የሰጠን የእግድ ትእዛዝ በር ላይ ይቀበሉዎታል።

ለእርስዎና ለጋዝዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣

ኤስታ ምትሽዌኒ
ዲፕስፕሩት

ማስታወሻ፦ መዋያው እንደገና ተከፍቷል። እኛ ዘንድ ለመጣ እንግዳ ውሃ አይነፈግምና ብቅ ብለው ቢቀምሱልን ደስ ይለናል። ኩባያ ግን ከቤትዎ ይዘው ይምጡ፤ እዚህ ያሉት ኩባያዎች የየልጆቹ ስም የተጻፈባቸው ናቸው። አንዷ ባለቤት የላትም። እሷን ለእርስዎ አንሰጥም።