የሁለት ሺህ ሰው ነገር

ጥር 6፣ ሰኞ
አለቃዬ የጥናቱን ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገው። «ፊደል ፊደሉን ብቻ እረሚ፣ አርብ ይታተማል።» በእኛ ወረዳ፣ በወረርሽኙ ዓመት፣ ሁለት ሺህ ሰው በበሽታው ሞቷል ይላል። መዝገብ ቤቱ ያለው ደግሞ ስልሳ አንድ። ሁለት ሺህና ስልሳ አንድ! የቱን ልመን?

ጥር 7
አውቶቡስ ውስጥ ሳሰላ መውረጃዬን አለፍኩ። ሁለት ሺህ ማለት እኮ በየቀኑ አምስት ስድስት ቀብር ነው... ዓመቱን ሙሉ! ያለን የመቃብር ቦታ አንድ። ቆፋሪውም አንድ፣ ያውም ወገቡን የሚያመው። ሄጄ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።
«እኅቴ፣ በቀን አምስት ብቀብር ኖሮ ስድስተኛው እኔ ነበርኩ።»
«ስልሳ አንድስ?»
ሳቁን ተወው። «እሱማ ያንሳል።»

ጥር 8
ለአለቃዬ ነገርኩት። «አራት መቶ ቤት ጠየቅን፣ መቶው ሞቶብናል አለ። ስምንት ሺህ ቤት አለ። ሂሳብ ነው» አለኝ።
«ሂሳቡስ ልክ ነው። ጥያቄውስ?»
ጥያቄው «ከቤተሰብዎ በበሽታው የሞተ አለ?» ይላል። ቤተሰብ! ሰው ቤተሰቤ ሲል የት ላይ ነው የሚያቆመው?
«እስከ ነገ አሳዪኝ። አለዚያ ይታተማል።»

ጥር 9
መቶዎቹ ቤቶች ዘንድ ስደውል ዋልኩ። ጆሮዬ ጋለ። «ማን ነበር የሞተባችሁ?» አንዷ ሰዓት ሠሪው አጎቴ አለች። ሌላው ሰዓት ሠሪው የሚስቴ ወንድም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «አብሮ አደጌ ነው፤ ከወንድም በምን ያንሳል?» ዘጠኝ ቤት፣ አንድ ሰዓት ሠሪ! ከወንበሬ ብድግ ብዬ «አገኘሁት!» አልኩ። ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። መቶው ሞት ሲጣራ ሠላሳ አራት ሰው ሆነ። ግማሾቹም የሌላ ከተማ ሰዎች...
አለቃዬ ሁለቴ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። «አይታተምም።»
ክንፍ ቢኖረኝ በመስኮት እወጣ ነበር!

ጥር 10
ዛሬ በስልሳ አንዱ ላይ ዘመትኩ። መዝገቡን አገላበጥኩ። ሆስፒታል የሞቱት አሉ። ቤታቸው የሞቱት የሉም። ሰዓት ሠሪውም የለም። ደስ አለኝ፣ ሁለቱም ቁጥር ስህተት!... ከዚያ ጣቴ ሳላዘው ወደ ሐምሌ ወረደ። አባዬ የለም። እቤት ነበር የሞተው። ማን ያስመዝግበው? እኔ። ሌላ ማን አለ? የሰው ቁጥር ሳርም የምውል ልጁ።

የካቲት 3
አለቃዬ ተሟግቶ አስፈቀደ። ስምንት ሺሁም ቤት እየተቆጠረ ነው! አዲሱን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «በዚህ ቤት ይኖር የነበረ ሰው ሞቷል? ስሙስ?» ዛሬ የእኛ መንገድ ተራ ደረሰ፤ ከአለቃዬ ጋር ወጣን። እማዬ በር ላይ ስደርስ አፌ እንቢ አለኝ። አለቃዬ ገባው መሰለኝ፣ ራሱ ጠየቀ።
«ይቅርታ እናቴ፣ እዚህ ቤት ይኖር የነበረ...»
«ባለቤቴ» አለች፣ ሳታስጨርሰው። ስሙን እስከ አያቱ ቆጠረችለት። ከዚያ ወንበር ሳበችለት። «ቁጭ በል ልጄ። ሥራውንስ አትጠይቀኝም?»
ቅጹ ላይ ሥራ የሚል ቦታ የለም። ጠርዙ ላይ ጻፍኩት፦ ግንበኛ።